የሙት ዓመቱ ልብስ

ሁሉም «አደይ»፣ እናቴ፣ የሚሏቸው ሴት ሓድነት ክፍለ ከተማ ባለው የሕፃናት ማሳደጊያ ልብስ አጣቢ ናቸው። ጣቶቻቸውን ሳሙና በልቷቸዋል፤ ነጠላቸው ሁልጊዜ ወገባቸው ላይ እንደታሰረ ነው።

ማሳደጊያውን ያቋቋሙት ቀዳማዊት እመቤት ካረፉ ወዲህ፣ በየሙት ዓመታቸው ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ። የዚያን ቀን ጠዋት እኚህ ሴት ለመታሰቢያው የተገዛውን ልብስ ከቁም ሳጥን አውጥተው ልጆቹን ያለብሳሉ። ንግግር ይደረጋል፣ ፎቶ ይነሳል። የእንግዶቹ መኪና ቁሓ ካለው አውሮፕላን ማረፊያ ሳይደርስ ግን ልብሱ ይወልቃል፤ እሳቸው ያጥቡታል፣ ሥራ አስኪያጁ ለከርሞ ይቆልፍበታል። አራት ዓመት እንዲህ ሆነ።

ዘንድሮ የትንሿ ሳሊና እጅጌ ክርኗ ላይ ቀረ። ልጅ መቼም ያድጋል!

«አደይ፣ ፎቶው ላይ እንዳይታይ ነጠላዎን ጣል ያድርጉባት» አላቸው ሥራ አስኪያጁ። ከወገባቸው ፈትተው አለበሷት።

አንድ ጋዜጠኛ ጠጋ ብሎ፣ «ቀዳማዊት እመቤቷን ያውቋቸው ነበር?» ሲል ጠየቃቸው።

«እንዴታ! እጅጌያቸውን ሰብስበው እዚያ ገንዳ ላይ አብረውኝ አጥበዋል። ያን ጊዜ ያጠብነውን ልጆቹ ይለብሱት ነበር።»

ጋዜጠኛው እስከ «አጥበዋል» ድረስ ጻፈና ደብተሩን አጠፈ።