እኔም ሰጥቼ ነበር

ባለፈው ጥር ለጉልበቴ ሕመም ወንዛዬ ፍል ውኃ ወርጄ ነበር። ታጥቤ ወጥቼ ድንጋይ ላይ ፀሐይ ስሞቅ፣ አጠገቤ ቆሎ የሚቆረጥሙ ሽማግሌ ትኩር ብለው ያዩኝ ጀመር። በመጨረሻ፣ «የዚያ የደብረ ታቦሩ ፀጉር አስተካካይ እህት አይደለሽም?» አሉኝ። መሆኔን ነገርኳቸው። ከቆሏቸው ዘግነው ሰጡኝና «አንበሳሜ ገበያ የመጣችሁ ጊዜ እኔም ሰጥቼ ነበር» አሉ።

ይህን የሚለኝ ሰው አጥቼ አላውቅም። ልቅሶ ቤት፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ ይሉኛል። ሁልጊዜም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» እላለሁ። ለእሳቸውም እንደዚያው አልኩ። ቆሎውን ስቆረጥም ግን ያ ቀን ድቅን አለብኝ።

ይርጋ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ እናትና አባታችን ካለፉ በኋላ ያሳደገኝም እሱ ነው። ቀልደኛ ስለነበር ፀጉራቸው ያላደገ ሰዎች እንኳ ወሬውን ፍለጋ ሱቁ ይቀመጡ ነበር። ኩላሊቶቹ ሥራ ማቆማቸው ሲታወቅ እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩ ወጣት ነበርኩ። ያኔ ሕክምናው በአቅራቢያችን ስላልነበረ አዲስ አበባ ድረስ ይመላለስ ጀመር። ሐኪሞቹ ግን መዳን ካለ ውጭ አገር ሄዶ ነው አሉ።

የዕድራችን ሰዎች ተመካክረው፣ ለሕክምናው ገንዘብ መሰብሰቢያ ድምፅ ማጉያ የተጫነበት አይሱዙ ተከራዩ። ማጉያውን የሚይዘው መላኩ የሚባል የሰርግና የስብሰባ አስተዋዋቂ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥራውን ያውቃል። ከመውጣታችን በፊት ለብቻዬ ጠርቶ መከረኝ።

«ስለ ኩላሊት አታውሪ። ለሰው ስለ ራሱ ንገሪው። ባለሱቁን ንግድህ ይባረክ፣ እናቲቱን ልጆችሽ ይደጉልሽ በይ። ሰው ለበሽተኛ አይሰጥም፤ ለራሱ ፍርሃት ነው የሚሰጠው።»

ወደ ይርጋ ዞሮም፣ «አንተ ደግሞ አትሳቅ። የሚስቅ ሰው ታሟል ቢሉት ማን ያምናል?» አለው። ይርጋ መሳቅ ሲከለከል ሳቀ።

ደብረ ታቦር ላይ ብዙ አልተቸገርንም፤ ይርጋን የሚያውቀው ከተማ ነው። ጨርቅ ነጋዴዎቹ ሳይቀሩ ከሱቃቸው ወጥተው «ሰደቃ ነው» እያሉ በዘረጋሁት ነጠላ ላይ ጣሉልን። አንበሳሜ ግን የሚያውቀው አልነበረም። ግንቦት ነው፤ ዝናቡ ገና አልጀመረም። አቧራው ከበርበሬውና ከበጉ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ጉሮሮ ይይዛል። ይርጋ ጋቢና ውስጥ በሩ ተከፍቶ ተቀምጧል፤ ሰው እየመጣ ያየዋል። አንዳንዱ ያለቅሳል። አንዲት ልጅ እግር ሴት ተንሰቅስቃ አልቅሳ ስትሄድ ወደ እኔ ጎንበስ አለና «ልቅሶዬን ቁጭ ብዬ እየሰማሁ ነው» አለኝ። አልሳቀም።

ኩላሊቱ ውኃ ስለማያወጣ የሚጠጣው ነገር የተመጠነ ነበር። ሐኪሙ ጉሮሮህን ከማርጠብ አትለፍ ብሎታል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። እኩለ ቀን ላይ ጥቁር የለበሱ ጠላ ሻጭ አንድ ጣሳ ሞልተው መጡ።

«ብር የለኝም ልጄ። ይህን በመድኃኔ ዓለም ስም ጠጣልኝ።»

«አይችልም እማማ፤ ሐኪም ከልክሎታል» አልኳቸው።

ሴትዮዋ ጣሳውን አልመለሱም። «ዘንድሮ ልጄን ቀብሬያለሁ» አሉ። «ስለ እሱ ብዬ ነው ያመጣሁት። ምጽዋቴን እንዴት ትመልሱብኛላችሁ?» ጣሳውን ወደ ይርጋ ሲያስጠጉት ጠላው በጣቶቻቸው መካከል ይወርዳል።

ይርጋ አያቸውና እጁን ዘረጋ። ክንዱን ያዝኩት። «ተይኝ» አለኝ በለሆሳስ። እስከ አተላው ጨለጠው። ጣሳውን በሁለት እጁ መልሶላቸው «ነፍሱን ይማርልዎ» አለ። ሴትዮዋ ጉልበቱን ስመው ሄዱ። ከዚያ ሁሉ ገበያተኛ ቀለል ብሏቸው የተመለሱት እሳቸው ይመስሉኛል።

ማታ ወደ ደብረ ታቦር ስንመለስ ትንፋሽ አጥሮት፣ ፊቱ አብጦ ነበር። ለምን እንደጠጣው ጠየቅሁት።

«ያ ሁሉ ሰው ሰጠኝ» አለ። «እኔ ለሰው የምሰጠው ሌላ ምን አለኝ?»

የተሰበሰበው የአዲስ አበባውን ሕክምና ጥቂት ጊዜ አራዘመለት፤ ለውጭው ግን የሚጠጋ አልነበረም። በሐምሌ፣ ጭቃው እግር በሚውጥበት ሳምንት፣ ቀበርነው። ጉድጓዱ ውኃ ሞልቶ እየጨለፉ ነበር የቆፈሩት። መላኩ ልቅሶ መጥቶ ጥግ ላይ ተቀመጠ።

በማግስቱ ጠዋት ከወንዛዬ ልመለስ ዕቃዬን ስጠቀልል ሽማግሌው ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ። «ለመሆኑ ወንድምሽ ደኅና ነው?» አሉኝ። በዚያው ክረምት ማረፉን ነገርኳቸው። «ነፍስ ይማር» አሉ። ከዚያ «ታዲያ የሰጠነው ምን ሆነ?» አሉ። ክፋት አልነበረበትም፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ያቺን ጥቂት ዕድሜ የቀጠለለት የእናንተ ስጦታ ነው አባባ፤ ዋጋዎ በሰማይ አለ» አልኳቸው። ፊታቸው ፈታ አለ። መርቀውኝ ወደ ውኃው ወረዱ።

እነዚህን ሁሉ ዓመታት የሰጡትን ሳጽናና ኖሬያለሁ። ይርጋ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ግን አንድም ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። አልፈርድባቸውም። ማጉያ የጫነ መኪና ዛሬም በሰፈሬ ያልፋል፤ እኔም ሮጬ ወጥቼ ያለኝን እጥላለሁ። ከዚያ ጋቢናው ውስጥ የተቀመጠውን ሰው ቀና ብዬ ሳላይ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።