የጋሽ ሰይድ ሊዝ

በሰው ኀዘን ላይ ወግ ማሳመር ነውር ነውና አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

በስደት በምንኖርባት ስቶን ማውንቴን ያሉት ጎረቤቴ ጋሽ ሰይድ፣ ወሎ ያለች እናታቸውን ለመጦር ጠቅልለው ሊገቡ ስለነበር የአፓርታማቸውን ሊዝ፣ የኪራይ ውሉን፣ አላራዝምም ብለዋል። እናትየው ማረፏን እኛ ሰምተናል። ሽማግሌዎቻችን ግን መርዶው ሁሉም ሰው ከሥራ በሚያርፍበት እሑድ፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ይነገራቸው አሉና፣ ውሉ ከዚያ በፊት ስለሚያልቅ እስከዚያ ቤቱን እንዳይለቁ እንዳግባባቸው እኔን ላኩኝ። የአፓርታማው ቢሮ ይዣቸው ሄድኩ።

«ጋሽ ሰይድ፣ ሊዙን ለአንድ ዓመት ሪኒው ያድርጉት።»

«እናቴ እየጠበቀችኝ?»

«ምንጣፉን እኮ ሊቀይሩልዎት ነው።»

«እናቴን በምንጣፍ?»

«መዋኛውም ይታደሳል» አልኩ። ዋና እንደማይችሉ ትዝ ያለኝ ከተናገርኩ በኋላ ነው።

ትንሽ አዩኝና ፈረሙ። ማናጀሯ «ኮንግራጁሌሽንስ!» ብላ ጨበጠቻቸው።

ደጅ ስንወጣ ክንዴን ያዙኝ። «ልጄ፣ እህቴ ሰኞ ደውላ ነግራኛለች። ለእኔ ብላችሁ ስትሳቀቁ አሳዘናችሁኝና ዝም አልኩ። አሁን መኪናህን ክፈትልኝ፣ ላልቅስበት።»

እሑድ ሽማግሌዎቹ ሲያረዷቸው እንደ አዲስ አለቀሱ። አደራ፣ ይህ ወሬ ሽማግሌዎቹ ጆሮ እንዳይደርስ።