አርባ አንድ ያልሞላው እግዚኦታ

ካዛንቺስ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለኝ ሴት ነኝ። ከጀርባችን የሚሠራው ፎቅ የተደረመሰ ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ፣ የአንዲት ተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ እያባዛሁ ነበር። መጀመሪያ ወለሉ ተንቀጠቀጠ፤ ወዲያው አቧራው በበሩ ገባ። ወረቀቱን ጥዬ ሮጥኩ። ኤሌክትሪሺያኑ ታናሽ ወንድሜ እዚያ ቤዝመንት ውስጥ ገመድ እየዘረጋ ነበር። ምሳ አብረን በልተን ከተለያየን ሰዓት አልሞላም።

ስደርስ የቤዝመንቱ ሶሌታ፣ የኮንክሪት ጣሪያው፣ በአንድ ጎኑ ወርዶ መሬት ነክቷል። ውጭ የነበሩት ሠራተኞች ፍርስራሹን በእጃቸው ያነሳሉ። ፍርስራሹ ሥር የቀሩት ሁለት ሰዎች እንደሆኑ ፎርማኑ ነገረኝ፤ ወንድሜና አንድ የቀን ሠራተኛ።

«ድምፅ አለ?» አልኩት።

ፊቱን በክንዱ ጠረገና ወደ ቁፋሮው ተመለሰ።

የአደጋ ሠራተኞች ደረሱ። ሰፈሩም ተከትሎ መጣ። ከሱቄ ጎን የሚኖሩት የክርስትና እናቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ከሴቶቹ ፊት ቆሙና «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ብለው ጀመሩ፤ ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ከቄራ ሥጋ የሚያመጣልን ሙስሊም ነጋዴ ራቅ ብሎ ቆሞ መዳፎቹን ዘረጋ። ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር።

እውነቱን ልናገር፣ እንዲህ ባለ ጊዜ ጸሎት ያናድደኛል። አገር አንድ ነገር በደረሰበት ቁጥር ስልኬ «እንጸልይ» በሚል ይሞላል፣ የሻማ ሥዕል ይለጠፋል፣ በሳምንቱ ይረሳል። የዚያ ሶሌታ ድጋፍ እንጨት ኮንክሪቱ ሳይደርቅ ቶሎ ቶሎ እንደሚነሳ ሰፈሩ ሁሉ ሲያወራ ከርሟል። ያኔ ማንም እግዚኦ አላለም። እኔም ወንድሜ እዚያ እንደሚውል እያወቅሁ አፌን ዘግቼ ፎቶ ኮፒዬን ሳነሳ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼው ነው ብዬ በውስጤ ተንጨረጨርኩ።

ከአደጋ ሠራተኞቹ አንዱ በሆዱ ተኝቶ ጆሮውን ስንጥቁ ላይ ለጠፈ። ከዚያ እጁን አንስቶ ዝም እንድንል ምልክት ሰጠ። ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን አቆሙ። ሴቶቹ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ስለነበር አላዩትም። እግዚኦታ ደግሞ አንዴ ከተጀመረ አርባ አንድ ሳይሞላ አይቋረጥም። የክርስትና እናቴ በጣታቸው አንጓ እየቆጠሩ ድምፃቸውን ጭራሽ ከፍ አደረጉ። ሰውየው እጁን ደግሞ አወዛወዘ። አሁንም አላዩትም።

«ኧረ ዝም በሉ!» ብዬ ጮህኩ። «ዝም በሉልኝ! እግዜር ደንቆሮ ነው እንዴ?»

የክርስትና እናቴ ዓይናቸውን ገለጡ። የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ሴቶቹ ዞረው «የቀረውን በልባችሁ አድርሱት» አሉ። አውራ ጣታቸውን ከደረሱበት አንጓ ላይ አላነሱም።

ያን ያህል ሰው ያን ያህል ዝም ሲል ሰምቼ አላውቅም። ከዋናው መንገድ የታክሲ ጥሩምባ ይሰማል። አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ። አሁን ካልተሰማ አለቀለት ብዬ አሰብኩ።

ኳ። ኳ ኳ።

ብረት በብረት ሲመታ ነበር። «እዚህ ጋ!» አለ የተኛው ሰው፣ አካፋዎቹም ወደዚያው ዞሩ።

ወንድሜን ፀሐይ ሳትጠልቅ አወጡት። እግሩ ተሰብሯል፣ ግን ስሜን ጠራ። የቀን ሠራተኛውን ከእሱ ቀጥሎ አወጡት፤ ፊቱን ሸፍነው።

ለሳምንት ያህል ወንድሜን ያዳንኩት እኔ ነኝ ብዬ ኮራሁ። ደንበኛ በመጣ ቁጥር እንዴት እንደጮህኩ አወራለሁ፤ ሥራና ጸሎት ለየቅል ነው እያልኩም እፈላሰፋለሁ።

ወንድሜ ከሆስፒታል የወጣ ሰሞን መስቀል ፍላወር ወዳለው ቤቱ ሾርባ ይዤለት ሄድኩ። ስለዚያ ቀን ተንፍሶ አያውቅም ነበር፤ ያን ዕለት በራሱ ጊዜ ጀመረ።

«እግዚኦታው ሥር ድረስ ይሰማን ነበር» አለኝ። «ቀጭን ሆኖ፣ ግን ይሰማል። የቀን ሠራተኛው ሰውዬ እዛው ጎኔ ሆኖ ይቀበላል። ድንጋይ ተጭኖት፣ ማለቴ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። ‹በል አንተም ተቀበል፣ ሰው አለልን ማለት ነው› ይለኛል። እኔም እል ነበር። ከዛ በቃ፣ መሀል ላይ ቀጥ አለ።»

ሾርባ የምቀዳበትን ማንኪያ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩ።

«‹ሄዱ› አለኝ። ሌላ ቃል አልተናገረም። ጥላችሁን የሄዳችሁ መስሎኝ በድንጋጤ ከኮንክሪቱ የወጣውን የፌሮ ብረት በፒንሳዬ መደብደብ ጀመርኩ። እሱን ብጠራው፣ ብጠራው አይመልስም።» ቀና ብሎ አየኝ። «ግን ለምን አቆማችሁ?»

«ልንሰማችሁ ብለን ነው» አልኩት።

እውነት ነው። ያ ዝምታ ባይኖር ኳኳታው አይሰማም ነበር፤ ወንድሜም ዛሬ ሾርባ አይጠጣም። ማን እንዳስቆማቸው አልጠየቀኝም። እኔም፣ ለደንበኛ ሁሉ ስለፍፍ የከረምኩት ሴትዮ፣ ለእሱ ልነግረው አልቻልኩም።