ጭላዳ ብዬ የጻፍኩት የድንች ማሳ

ሥራ የጀመርኩት በጥር ወር፣ ደሃና ተራራ ላይ ባለው ጥብቅ ሥፍራ ነው። ትምህርት በሌለ ቀን ለጥብቅ ሥፍራው ጠባቂ፣ ለስካውቱ ለአያ ካሱ የዱር እንስሳት መዝገብ እይዛለሁ። የመጀመሪያ ቀን መዝገቡን ሲሰጡኝ፣ «ጽሕፈትሽ ያምራል ብለውኛል፤ እግርሽን ደግሞ እናያለን» አሉኝ።

ጭላዳ ዝንጀሮ የሚቆጠረው በጠዋት ነው። ገደሉ ላይ ተጣብቆ ያድርና ፀሐይ ሲሞቀው ወደ አፋፉ ይወጣል። አያ ካሱ በኽምጥኛ ይቆጥራሉ፣ እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ፤ አውራው፣ እናቲቱ፣ ልጁ ለየብቻ። ያን ቀን አንድ አውራ ጎፈሩን አራግፎ ቀዩን ደረቱን ሲያሳየኝ እጄ ቆመ።

«ጻፊ እንጂ፤ ሠርግ አልተጠራሽም!» አሉኝ።

በበጋ ሣሩ ሲያልቅ ጭላዳ በጣቱ ሥር ይቆፍራል። አጥንት ሰባሪው አሞራ አጥንቱን ከላይ ዓለት ላይ ሲለቀው ቋ! ይላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማ ጎንበስ አልኩ። ክረምት ጉሙ ሁሉን ስለሚሸፍን ቆጠራ የለም። መስከረም ግን! አደዩ መሀል ቁጭ ብለው ሲግጡ ጎፈራቸው ብቻ ነው የሚታየው። ሦስት ጊዜ ቆጥሬ ሦስት ጊዜ ተሳስቻለሁ፤ ዓይኔ አበባውን ትቶ አይሄድም።

በጥቅምት፣ ከተራራው ሥር ድንች የሚያለሙት እትዬ ዝፋን መንገድ ላይ አስቆሙኝ። «ጻፊ! ጭላዳ ድንቼን ቆፍሮ ጨረሰው!»

ማሳቸው ታች ነው፤ ቁልቁለቱን ፈራሁት። መዝገቡ ላይ «ጉዳት ያደረሰው» በሚለው ሥር በሚያምር ጽሕፈቴ «ጭላዳ» ብዬ ጻፍኩ። ደስም ብሎኝ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ተሰበሰበ። መንጋውን በውሻ ከተራራው እናባር ተባለ። ሽማግሌዎቹ ሲያመነቱ የእትዬ ዝፋን ወንድም፣ «መዝገቡ ራሱ ይናገራል!» አለ። የመንጋው እናቶች ደግሞ ገና የተወለዱ ልጆች አዝለው ነበር። 

አያ ካሱ ወደ ጎን ጠሩኝ። «ማሳው ደርሰሻል?»

«አልደረስኩም።»

«ታዲያ ማን አየ?»

 እሳቸው ወደ ሰዉ ተመልሰው፣ «እስከ ማክሰኞ ውሾቹን ያዙልን» ብለው ለመኑ።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ከእትዬ ዝፋን ጋር ማሳው ውስጥ ቆምን። አዲስ ጉድጓድ አለ፤ አፈሩ ገና እርጥብ ነው። በጥርስ የተገመሰ ድንች፣ አጠገቡም ጥቁርና ነጭ የጃርት እሾህ ወድቋል። ቀና ብዬ አፋፉን አየሁ።

«እትዬ፣ ጭላዳዎቹ እኮ ገና ከገደሉ አልወጡም።»

እሾሁን አንሥተው አገላበጡት። «ጃርት ነው እንዴ! አንቺ ታዲያ ለምን ጭላዳ ብለሽ ጻፍሽ?»

«እርስዎ ያሉኝን ነው።»

«እኔማ ድንቼ ተበልቶ ተናድጄ ነው። አንቺ ምን ሆነሽ?»

ማክሰኞ በሁሉም ፊት ተነሥቼ፣ «ያላየሁትን ጽፌአለሁ» አልኩ። እሾሁን አሳይቼ ጨረስኩ። ከኋላ አንዱ «ጃርቱንስ በማን ውሻ እናስይዘው?» ሲል ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ውሾቹ ቀሩ፤ ማሳው በድንጋይና በእሾህ ታጠረ።

ስሕተቴን አልፋቅሁትም። በአንድ መስመር ሰርዤ ከጎኑ «ጃርት፤ እሾሁ ማሳው ላይ ታይቷል» ብዬ ጻፍኩ። ከእኔ በኋላ መዝገብ ለምትይዝ የምነግራት ይህንኑ ነው፦ መጀመሪያ ቦታው ይኬዳል፣ ከዚያ ይጻፋል።