የዱሺክ ሩዝ

እዚህ ኮሪያ፣ ዎንጁ ከተማ፣ ከዩኒቨርሲቲው ጀርባ ባለው ዳገት፣ የዱሺክን እናት የማያውቅ ተማሪ የለም። ስሟ ፕዮ ማልሬ ነው፤ በስሟ የሚጠራት ግን ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚመጣ ሰው ብቻ ነው። ተማሪ ታከራያለች፣ ጠዋትና ማታም ታበላለች። ድሮ እንዲህ ያሉ ቤቶች ዳገቱን ሞልተውት ነበር። አሁን ልጆቹ ጠባብ ክፍል ለየብቻ ተከራይተው የታሸገ ኑድል በፈላ ውሃ እያራሱ መብላት ስለሚመርጡ የቀረችው እሷ ናት። እኔ ፊት ለፊቷ ፀጉር ቤት አለኝ። ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ፣ ማን ጫማውን ደጃፏ ላይ አዝረክርኮ እንደተሰደበ ከመስኮቴ አያለሁ። ወሬ ወዳድ ትሉኝ ይሆናል። ወሬ የማትወድ ፀጉር ሠሪ ካለች አሳዩኝ።

የዱሺክ እናት አፏ እሳት ነው፤ እጇ ግን አይሰስትም። ጠዋት ሩዙ እንደበሰለ፣ ለማንም ሳታቀርብ፣ አንድ የነሐስ ሳህን ሞልታ ትጨልፍና ክዳኑን ትገጥማለች። ከዚያ በዋናው ክፍል፣ ከሥር የሚሞቀው ወለላችን ይበልጥ በሚግልበት ጥግ በብርድ ልብስ ጠቅልላ ታስቀምጠዋለች። የልጇ የዱሺክ ነው። ድሮ እናቶቻችን ሁሉ እንዲህ ያደርጉ ነበር። ከቤት የራቀ ሰው ድርሻው እቤቱ ሞቆ ከጠበቀው በሄደበት አይራብም ይባላል። ማታ ያንኑ ሩዝ እሷው በውሃ አላልታ ትበላዋለች።

«እትዬ፣ የኤሌክትሪክ ማብሰያው ቀኑን ሙሉ ያሞቀው የለም እንዴ? ብርድ ልብሱ ለምንድን ነው?» እላታለሁ።

«ማብሰያው እናቱ ነው?» ትለኛለች።

ዱሺክን ዩኒቨርሲቲው ለአንድ ዓመት በልውውጥ ፖላንድ ላከው። ዓመቱ ሲያልቅ ትምህርቱን አራዘመ፣ ቀጥሎም እዚያው ሥራ ያዘ። እስከዚህ ድረስ አልተቀየመችውም፤ እንዲያውም ገበያ ውስጥ «አውሮፓ ያለው ልጄ» እያለች ስትጎርር ዓሣ ሻጮቹ ይሸሿት ነበር። ነገር የተበላሸው አባቱ ሲሞት ነው። እኛ ዘንድ ከሟች ፎቶ አጠገብ ቆሞ ለቀስተኛ የሚቀበለው ወንድ ልጁ ነው፤ የነበራትም አንድ ልጅ ብቻ ነው። እሱ ግን እዚያ በረዶ ጥሎ አውሮፕላን ማረፊያው ተዘጋበት። በቦታው የአጎቱ ልጅ ቆመ፤ ለቀስተኛው ሁሉ ለፎቶው እየሰገደ «ልጁስ?» ሲል እሷ ጥግ ተቀምጣ ሰማች።

ዱሺክ የደረሰው አባቱ ከተቀበረ በኋላ ነው። በሩን አልከፈተችለትም። ደጅ ላይ ተንበርክኮ ሳየው አላስችል ቢለኝ በጓሮ ገብቼ ለመንኳት።

«በረዶ ይለኛል እኮ! የአባቱ ቀብር ላይ በረዶ!» ብላ ጮኸችብኝ።

ልጁ እንደመጣ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ሲደውል አታነሳም። ስልኩ ሲጠራ ሸሚዟ ላይ እጇን እየጠረገች ቆማ ታየዋለች፣ ዝም ሲል ወደ ድንች መላጧ ትመለሳለች። ሩዙን ግን አንድም ቀን አላስታጎለችም። በሽቄባት አውቃለሁ። ልጁ የሚፈልገው ድምፅዋን ነው፤ እሷ ለብርድ ልብስ ሩዝ ታበላለች!

ባለፈው መስከረም ኦዩና የምትባል ልጅ ከሞንጎሊያ በልውውጥ መጣች። የዩኒቨርሲቲው ማደሪያ ሞልቶባት ሻንጣዋን እየጎተተች ዳገቱን ወጣች። ጉንጯ ቀይ፣ ሳቋ ከላይኛው መንገድ የሚሰማ ልጅ ናት። ኮሪያኛ የለመደችው ከቴሌቪዥን ድራማ ስለሆነ ጨው አቀብሉኝ ስትል እንኳ እንደተከዳች ሙሽራ ነው። የዱሺክ እናት ስትሰድባት ትስቃለች፣ ሳህን ስትጨምርላት ትጨርሳለች። ወደደቻት፤ የሚታወቀውም ከሌሎቹ ይልቅ እሷን አብዝታ ስለምትሰድባት ነው።

በታኅሣሥ፣ ለብርዱ ወራት የሚሆነውን ኪምቺ፣ በጨውና በቅመም የሚብላላውን ጎመን፣ በምናዘጋጅበት ሰሞን፣ እኔና የዱሺክ እናት ጎመንና ነጭ ሥር ልንገዛ ገበያ ወረድን። ተሸክመን ስንመለስ የኦዩና ጫማ ደጅ ላይ አለ። ዋናው ክፍል ስንገባ ብርድ ልብሱ ተጣጥፏል። የነሐሱ ሳህን ታጥቦ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል።

ኦዩና እየሳቀች ብቅ አለች። «አክስቴ፣ ፈተና ነበረብኝ፣ ምሳ አልበላሁም፣ እግሬም ደርቆ ነበር። ብርድ ልብሱ ሥር ላሞቀው ስዘረጋው ሳህኑን ነካሁ። እንዴት ይጣፍጣል!»

የዱሺክ እናት ጎመኑን እንደታቀፈች ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ትጮሃለች ብዬ ነበር፤ ብትጮህ ይሻል ነበር።

«ነገ ሌላ ቤት ፈልጊ» አለች ቀስ ብላ።

«ምን?»

«ሰምተሻል።»

ልጅቱ ፊቷ አመድ መስሎ ወጣች። ተከትያት ሄድኩና ፀጉር ቤቴ አስገብቼ፣ ማድረቂያው ስር አስቀምጬ፣ የማን ሩዝ እንደበላች ነገርኳት። ስለ ቀብሩ፣ ስለ በረዶው፣ ስለ ስልኩ ሁሉንም ዘረገፍኩት። እሷም እኛ ያላወቅነውን ነገረችኝ።

«እኛ አገር ሜዳ ላይ ቤት አይቆለፍም» አለች። «ባለቤቱ ባይኖርም መንገደኛ ይገባል፣ የተገኘውን ይበላል፣ ዕቃውን አጥቦ ይሄዳል። ባለቤቱ የሚቀየመው ሳይበላ ከሄደ ነው። ተሸፍኖ ሲሞቅ ሳየው ለመጣ ሰው የተቀመጠ መሰለኝ።»

«ለመጣ ሰው ነዋ» አልኩ። «ጣጣው እሱን አለመሆንሽ ነው።»

እንባዋን ጠርጋ ብድግ አለች። «ይቅርታ ልጠይቃት። ከዚያ ሻንጣዬን እይዛለሁ።»

ብቻዋን ልልካት አልሆነልኝም፤ አብሬያት ተሻገርኩ። የዱሺክ እናት ወጥ ቤት ጎመን ለሁለት እየሰነጠቀች ነበር። ቢላዋው ሲያርፍ ያስፈራል። ኦዩና እንደ እኛው ተንበርክካ ግንባሯ መሬት እስኪነካ ሰገደች።

«የልጅዎ መሆኑን አላወቅኩም፣ አክስቴ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ተነሽ፣ ወለሉ ጨው ነው።»

«አንድ ነገር ብቻ ልበል? ልጅዎም የወጣው እንደ እኔ ለትምህርት ነው። ቋንቋ ሳያውቅ፣ ርቦት፣ የሰው ቤት ገብቶ ያውቃል። ይሄ ሳህን እዚህ ነበር። እሱን ያበላው ግን እዚያ ያለ ሰው ነው። አንድ ሰው ሳያበላው እስካሁን እንዴት ኖረ?»

ቢላዋው ቆመ። እኔ በልቤ፣ አሁን ገና አበቃልሽ ልጄ፣ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

የዱሺክ እናት ቢላዋውን ጎመኑ አጠገብ አስቀመጠች። በኋላ ያወጣችው ድምፅ የእሷ አይመስልም ነበር።

«ትኩስ ይሰጡት ይሆን?»

«እኔ አላውቅም» አለች ኦዩና። «እሱን ይጠይቁት።»

እጇን ሳትታጠብ፣ በጨዋማ ጣቷ ስልኩን አውጥታ ወደ እኔ ገፋችው። «አንቺ ደውዪው። ድምፁንም ከፍ አድርጊው፣ ጆሮዬ አይሰማም» አለች። ጆሮዋ ደህና ነው፤ ስልኩን ለመያዝ ስለፈራች ነው።

እኛ ጋ አመሻሹ ሲቃረብ እዚያ ገና ጠዋት ነው። አንድ ጊዜ እንደጠራ አነሳው።

«እማዬ? እማዬ፣ አሞሻል? ምን ሆነሽ ነው?»

እጄን አንስቼ ትከሻዋን ጎሸም አደረግኋት።

«በልተሃል?» አለች።

«ቁርስ ላይ ነኝ» አለ።

«መጀመሪያ እዚያ ስትደርስ ማን ነው ያበላህ?»

«እ? ... አከራዬ። ሃሊና ትባላለች። ባቡር አምልጦኝ አምሽቼ ስደርስ ሾርባ ይዛ ጠበቀችኝ።»

«ቀዝቅዞ?»

«ሦስት ጊዜ አሞቀችው፣ እማዬ። ሁልጊዜም እንደዚያ ናት።» ትንፋሹን ስቦ ቀጠለ። «አባዬ ሲሞትም እሷ ናት አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ የሸኘችኝ። በረራው ሲቀር ወደ ቤትሽ ሂጂ ብላት እምቢ አለች። በረዶው እስኪያባራ ሁለት ሌሊት ወለል ላይ አብራኝ ተኛች። ልነግርሽ ነበር የመጣሁት።»

የዱሺክ እናት ጨው የነካ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ኦዩና ወደ ግድግዳው ዞረች። እኔ ልሸሽ ፈለግኩ፤ ግን ስልኩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

«ሃሊና» አለች በመጨረሻ፣ ስሙ እንዳይጠፋባት ቀስ ብላ። «ሃሊና። የማላውቃት ሴት ወለል ላይ አብራህ ተኛች። እኔ እናትህ በር ዘጋሁብህ።»

ከወዲያ ማዶ ዱሺክ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማል። እሷም ፊቷ ረጥቧል፤ ግን የዱሺክ እናት የዱሺክ እናት ናትና ቆጣ አለች።

«ምን ትነፋረቃለህ፣ ቁርስህ ቀዘቀዘ እኮ! ብላ! ስትበላ ልስማህ።»

ተቀምጣም ሰማችው።