ከወንዛዬ አፋፍ ላይ የተተከለው ሬዲዮ

ደብረ ታቦር ውስጥ ስልክና ሬዲዮ የምትጠግን ትርንጎ ይሻው የምትባል ሴት አለች። ሱቋ ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው ደጅ ቆሞ የሚጠብቅበት ነው። ሱቁን ከመክፈቷ በፊት አሥራ አንድ ዓመት መንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበረች። ግሬደሩ የት እንደቆመ፣ ነዳጁ የት እንዳለቀ፣ የትኛው ሾፌር ጎማ ፈነዳብኝ ብሎ ጠላ ቤት እንደተቀመጠ ከእሷ ጆሮ አያመልጥም። ሰው ሲዋሽ ድምፁ ይለሰልሳል ትላለች። ይህን ሁሉ የምታውቅ ሴት የገዛ ቤተሰቧ የደበቃትን ግን አልሰማችም።

ባሏ ተስፋነህ መምህር ነው፤ ወገቡን ክፉኛ ያመዋል። ስለዚህ የግማሽ ዓመቱ ትምህርት ሲዘጋ ሁለቱን ሴት ልጆቻቸውን ይዘው ወንዛዬ ይወርዳሉ፤ ወንዝ ዳር ድንኳን ተክለው ዐሥራ አራት ቀን ፍል ውሃ ይታጠባሉ። ቀኑ መሙላት አለበት፤ ያቋረጠ ሰው በሽታው ይብስበታል ይባላል። ከሦስት ዓመት በፊት፣ መታጠብ በጀመሩ በአራተኛው ቀን፣ እናቷ ወይዘሮ ፍቅርተ በድንገት ዐረፉ። ሸለቆው ውስጥ የስልክ ኔትወርክ ስለሌለ ታላቅ ወንድሟ ሞላ ሰው ላከ። መልእክተኛውም ወጉ እንደሚያዘው ለባልየው ብቻ በጆሮው ነግሮት ተመለሰ። ትርንጎ ከዚያ በኋላ አሥር ቀን ሙሉ ታጠበች። እንዲያውም ሐሙሲት ገበያ ወጥታ ለእናቷ ነጠላ ገዛች፤ ተስፋነህ አጠገቧ ቆሞ ጥለቱን አብሯት መረጠ።

ቤቷ በገባች በማግስቱ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ሽማግሌዎች በሯን አንኳኩ። በአገሩ መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነው፤ ከመንገድ ለገባ ሰው አይነገርም፣ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም፣ ሕክምና ላይ ላለ ሰውማ ጭራሽ አይነገርም። ሁሉም ያደረጉት ለእሷ አዝነው ነው፤ ይህን አትክድም። ግን አልቅሳ ሲወጣላት ማን ማን ያውቅ እንደነበር ጠየቀች። ሁሉም ያውቁ ነበር። አንጀቷ አረረ። ሁለት ዓመት ወንዛዬ የሚባል ስም ቤቷ እንዳይነሳ ከለከለች።

ዘንድሮ ተስፋነህ በከዘራ መሄድ ሲጀምር እሺ አለች፤ ነገር ግን አሁን የምትፈራው ለአባቷ ነበር። አቶ ይሻው ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ገጠር ሞላ ቤት ይኖራሉ፣ ከመስከረም ወዲህ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። እናቷን ሳትቀብር ቀርታለች፤ አባቷን ደግሞ ሳትሰናበት ከቀረች ከዚያ በኋላ ከዘመዶቿ ጋር በአንድ ማዕድ እንደማትቀመጥ ታውቀዋለች።

ካምፑ ሲዘጋ የተረፉትን ሬዲዮዎች በጨረታ ገዝታ ነበር። ሁለቱን አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ አገጣጠመቻቸው፤ አንደኛው ይሰማል፣ ሁለተኛው የተሰማውን በዚያው ቅጽበት አጠንክሮ ያስተላልፋል። ሪፒተር ይሉታል። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ከቆመ ሸለቆ ውስጥ ያለውን የእጅ ሬዲዮ ከተራራው ማዶ ካለው ጋር ያገናኛል። አበሳዋን ያሳያት የሬዲዮ ፈቃድ ማውጣቱ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ትርንጎም ሰባት ወር ከቢሮ ቢሮ ተመላልሳ፣ ዛሬ ነገ ሲሏት ደጃቸው ላይ ቁጭ ብላ፣ በመጨረሻ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ይዛ ወጣች። ሞላ ሳቀባት። እሷ ግን አንዱን የእጅ ሬዲዮ እጁ ላይ አስቀምጣ፣ ለመናገር የሚጫኑትን ቁልፍ አስጠናችው፤ ጠዋትና ማታ ካልጠራኸኝ አንተም እኔም ወንድምና እህት መባላችን ይቅር አለችው።

ወንዛዬ እንደደረሱ ድንኳኑን ለተስፋነህና ለልጆቹ ተወችና ሣጥኑንና የመኪና ባትሪውን በአህያ ጭና አፋፉ ላይ ወጣች። አንቴናውን ረጅም የባሕር ዛፍ አጣና ጫፍ ላይ አሰረች፤ አጣናውን አቁማ በሦስት አቅጣጫ በገመድ ወጠረች፤ ባትሪውን የምትሞላውን ሶላር ወደ ፀሐይ አዙራ ድንጋይ አስደገፈቻት። ታላቋ ልጅ፣ የዐሥራ ስድስት ዓመቷ መክሊት፣ ታች ሆና በእጅ ሬዲዮ ትጣራለች። ድንኳኑ ጋ ይሰማል፤ መታጠቢያው ጋ ይቆራረጣል። ትርንጎ አጣናውን ነቅላ ሰማንያ እርምጃ ወደ ገደሉ አስጠጋችው። አሁንም ተቆራረጠ። ለሦስተኛ ጊዜ ስትተክለው መዳፏ ተልጦ ነበር፤ ነገር ግን ጠርቶ ተሰማ።

ታች የሚታጠበው ሰው፣ ይቺ ሴት ልትታጠብ ነው የመጣችው ወይስ ቴሌ ልትከፍት፣ እያለ ተሳሳቀባት። አንድ የቀበሌ ጥበቃም ጠመንጃውን አንግቶ ወጣና ንቀዪው አላት። ወረቀቱን አሳየችው። መነጽር አልያዝኩም አለ። እሷው አነበበችለት፤ ሁለት ጊዜ፣ የማኅተሙን ዙሪያ ጽሑፍ ሳይቀር። ሰውየው ደከመውና ጥላ ፈልጎ ተቀመጠ። አመሻሽ ላይ ሞላ ሲጠራትና ስለ አባታቸው ሲነግራት ሰምቶ ንቀዪው ማለቱን ትቶ ወረደ።

ስምንት ቀን ሞላ ቃሉን ጠበቀ። አባቷም ሬዲዮውን እያስጠጉላቸው በተቆራረጠ ትንፋሽ ይመርቋት ነበር። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ግን ደኅና ናቸው፣ ተኝተዋል አላት። ድምፁ ለስላሳ ነበር። ልቧ አልወደደውም፤ ምናልባት ባትሪው ደክሞ ይሆን እያለች ራሷን እያባበለች አፋፉ ላይ ወጣች።

ሞላ የእጅ ሬዲዮውን የቆጠረው እንደ ስልክ ነው፤ የተጠራው ሰው ብቻ የሚሰማበት። ስለዚህ ረፋዱ ላይ ተስፋነህን በስሙ ጠርቶ ነገሩን ዘረገፈለት። ቃሉ በሣጥኑ አልፎ ትርንጎ እጅ ላይ ባለው ሬዲዮ ወለል ብሎ ወጣ።

“አባታችን ከትናንት ጀምሮ ከብደዋል። የንስሐ አባታቸው መጥተው ቆመዋል። ለእሷ እንዳትነግራት፤ ቀኗን ትጨርስ።”

ትርንጎ ጣቷ ቁልፉ ላይ ነበር፤ አልተጫነችውም። የባሏን መልስ መስማት ፈለገች።

“ሞላ፣ ያን ጊዜ አሥር ቀን በሆዴ ይዤው ታጥቤአለሁ” አለ ተስፋነህ። “ሁለተኛ አልችልም። አሁኑኑ ወጥቼ እነግራታለሁ።”

ይህን ጊዜ ነው ቁልፉን የተጫነችው። እንደሰማች ነገረቻቸው፤ ሬዲዮውን ለአባቷ ጆሮ እንዲያስጠጋው ሞላን አዘዘችው። ሞላ ደንግጦ ወጉስ፣ ሽማግሌዎቹስ ምን ይሉናል አለ።

“አያ ሞላ፣ ወጉን በእናታችን ጊዜ አድርሳችሁታል። አስጠጋልኝ።”

አስጠጋላት። ከወዲያ ማዶ የተሰማት ትንፋሽ ብቻ ነበር። እየመጣሁ ነው፣ ይጠብቁኝ አለቻቸው። አንድ ሞተር ብስክሌት ብቻ ስለተገኘ ባሏንና ልጆቿን፣ ሣጥኑንም እንደቆመ ትታ ሄደች።

ቀትር ሳያልፍ ደረሰች። አቶ ይሻው ዐወቋት። እጃቸውን ይዛ ሁለት ቀን ተቀመጠች፤ ውሃ በማንኪያ አጠጣቻቸው፤ ስለ እናቷም ተነጋገሩ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ እጃቸው እጇ ውስጥ እንዳለ ዐረፉ። አለቀሰች፤ ግን እንደ ያኔው አላረረችም።

ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡና ወንዛዬ ስለቀሩት ልጆቿ መከሩ። አያታችሁ ናፍቀዋችኋል ተብለው ይምጡ፣ ሲደርሱ ይነገራቸዋል ተባለ። ሞላም ልጆች ናቸው አለ። ትርንጎ ሬዲዮውን ከመደቡ ላይ አነሳች። ለልጇ ሞት መንገር ምን እንደሆነ ያወቀችው አሁን ነው፤ ሞላ ያን ጊዜ ለምን እንደሸሸ ገባት። ቢገባትም ቁልፉን ተጫነች።

“መክሊት፣ እናትሽ ነኝ። አባትሽ አጠገብሽ ነው?”

“አዎ እማ።”

“ቁጭ በይ። አያትሽ ዛሬ ጠዋት ዐረፉ። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ድንኳኑን ተዉትና ኑ።”

ሽማግሌዎቹ ያደረገችውን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቆይቶ ወዲያ ማዶ ቁልፉ ተጫነና የልጅቱ ለቅሶ ቤቱን ሞላው። አንዱ ሽማግሌ ዝጊው እንጂ አሏት። ትርንጎ አልዘጋችውም፤ እያነባች እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

“ሰማሁ እማ” አለች መክሊት። “ቀብሩን እንደርሳለን።”