ጋሽ ግርማና የወፎቹ ቤት

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ለልደቷ ያገኘችውን ካርቶን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። የተቆራረጡ ጣውላዎች፣ ትንንሽ ሚስማሮች፣ አንድ ወረቀት። «ማሚ፣ በርድ ሃውስ ነው፣ የወፍ ቤት! ጓሮ ውስጥ እንስቀለው፣ ፕሊስ!» አለችኝ። የጥዱ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ከጠረጴዛው ራቅ አልኩ። ልጄ ምን እንደሆንኩ አልገባትም። እኔ ግን ከሃያ ዓመት በፊት ወደነበርኩበት፣ ዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ ከተማ ውስጥ ወዳለ አንድ ጋራዥ ተመልሼ ነበር።

ያኔ አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አሜሪካ ከገባሁ ሦስት ወር አልሞላኝም። የምኖረው ከአክስቴ ከወይንሸትና ከባለቤቷ ከጋሽ ግርማ ጋር ነበር። አክስቴ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ጋሽ ግርማ ኮሜርስ ሲቲ የምትባል ከተማ መጋዘን ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርተው፣ የልብ ኦፕራሲዮን ካደረጉ ወዲህ ቤት ውለዋል። በየቀኑ የደም ማቅጠኛ ኪኒን ይውጣሉ። አክስቴ ጠዋት ስትወጣ ሁልጊዜ በሩ ላይ ቆማ፣ «ስለት እንዳይነካ አደራ። እሱ ከደማ እንደኛ ቶሎ አይቆምለትም» ትለኛለች።

ግንቦት ነበር። ከሁለት ቀን በፊት የጣለው በረዶ ቀልጦ ጓሮውን ጭቃ አድርጎታል፤ ፀሐዩ ደግሞ ጃኬት ያስወልቃል። የዴንቨርን አየር እስከ ዛሬ አላመንኩትም። ምስር ወጡን አሙቄ ለቁርስ ልጠራቸው ስሄድ፣ ጋሽ ግርማ ጋራዡ ውስጥ ጣውላ በጉልበታቸው ደግፈው በእጅ መጋዝ ይቆርጣሉ።

«ጋሼ፣ አክስቴ እኮ...»

«አክስትሽ ሥራ ላይ ናት። ነይ፣ ጫፉን ያዢልኝ። ቴሌቪዥን እያየሁ ልሙት እንዴ?»

ያዝኩላቸው። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነው የያዝኩት፤ እንደዚያ ሲጫወቱ አይቻቸው አላውቅም ነበር። የወፍ ቤት ነው የሚሠሩት። ቀዳዳው ለምን መጥበብ እንዳለበት እያስረዱኝ ነበር፤ ከሰፋ ትልልቆቹ ወፎች ገብተው ጫጩቶቹን ይጨርሷቸዋል። ይህን እያሉ መጋዙ የጣውላው አንጓ ላይ ነጠረና ግራ እጃቸውን፣ ከአውራ ጣታቸው ሥር፣ ሸረከተው።

መጀመሪያ ሁለታችንም ቁስሉን አየነው። ከዚያ ደሙ መጣ። ፎጣ አምጥቼ ጠመጠምኩት፤ ወዲያው ቀላ። ሌላ ጨመርኩ፤ እሱም ቀላ። ወደ ስልኩ ስሮጥ ድምፃቸው ያዘኝ።

«አትደውዪ! ለማንም አትደውዪ። አሁን ሆስፒታል ከገባሁ አልወጣም። እለምንሻለሁ፣ ልጄ።»

ባደግኩበት ቤት ትልቅ ሰው አትደውዪ ካለ አይደወልም። ከዚያ በላይ ያስደነገጠኝ ግን ዓይናቸው ነው። ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲፈራ አይቼ አላውቅም ነበር። ተመልሼ አጠገባቸው ተንበረከክሁና እጃቸውን በሁለት እጄ ጨበጥኩ። የኩሽናው ሰዓት በክፍቱ በር ይታየኛል። አምስት ደቂቃ ሄደ። አስር ሄደ። ደሙ በጣቶቼ መሃል እየሾለከ ሲሚንቶው ላይ ይንጠባጠባል፤ ብለቃቸውም ይሞታሉ፣ ብይዛቸውም ይሞታሉ እያልኩ አጥብቄ እጨብጣለሁ። ሩብ ሰዓት ሊሆን ሲል ከንፈራቸው አመድ መሰለ። «እስቲ ውሃ» አሉና አንገታቸው ወደ ግድግዳው ዘንበል አለ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዛሬ አልታዘዝዎትም» አልኩና ተነሳሁ።

ናይን ዋን ዋን፣ የአደጋ ጊዜው ስልክ ላይ የመለሰችልኝ ሴት አድራሻ ጠየቀችኝ። አላውቀውም! ሦስት ወር የኖርኩበትን ቤት አድራሻ አላውቀውም። ጠረጴዛው ላይ ከተከመረው ፖስታ አንዱን አንስቼ ቁጥር በቁጥር፣ ፊደል በፊደል አነበብኩላት። ኪኒኑን ምን ብዬ እንደምገልጽላት ስለጠፋኝ የብልቃጡንም ጽሑፍ እንዲሁ ፊደል በፊደል ነገርኳት። «ጥሩ አድርገሻል፣ አሁን ተጫኚው፣ እንዳትለቂ» አለችኝ። ተመልሼ ቁስሉን ተጫንኩት፤ የአምቡላንሱን ሳይረን እስክሰማ አልለቀቅኩም።

እጃቸው ተሰፋ፤ ደም ተሰጣቸው፤ ሦስት ቀን ተኝተው ወጡ። የዚያኑ ዕለት አክስቴ ከሥራ በቀጥታ ሆስፒታል ስትመጣ የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ነው። «ቶሎ ነው የደወልሽው?»

«ወዲያው» አልኳት።

አልጋው ላይ ያሉት ጋሽ ግርማ ቀና ብለው፣ «ወዲያው ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ሩብ ሰዓት እኔና እሳቸው ተነጋግረን አናውቅም። የወፎቹን ቤት በሰኔ ጨረሱት፤ ጣውላውን አክስቴ እየያዘች፣ መጋዙን ራሷ እየገፋች። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖሩ።

አክስቴ ግን ለእንግዳ ሁሉ፣ «ይቺ ደፋር ልጅ ባትኖር ኖሮ» እያለች ስታወራ፣ በተናገረች ቁጥር ሰበብ ፈልጌ ወደ ኩሽና እገባ ነበር። ሐኪም ባየሁ ቁጥር፣ ሰው ቀጥ ብሎ ቢያየኝ፣ የተነቃብኝ ይመስለኝ ነበር።

በማግስቱ እሁድ አክስቴ አሁን የምትኖርበት ሴንቴኒያል፣ ቤቷ ሄጄ ነገርኳት። ሩብ ሰዓት ሙሉ ሳልደውል መቀመጤን።

«አውቃለሁ እኮ፣ የኔ ልጅ» አለችኝ። «ግርማ ያን ቀን ማታ ነግሮኛል። ‹ጥፋቱ የኔ ነው፣ ለምኛት ነው፣ አንድ ቃል እንዳትናገሪያት› ብሎ አስማለኝ።»

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ወደ ቤቴ ነዳሁ። ሃያ ዓመት የፈራኋት ሴት፣ ያን ሁሉ ጊዜ ስታዝንልኝ ነበር። ያን ጊዜ ብናገር ኖሮ ቢበዛ አንድ ቀን አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር።